«ፉል አክሰስ ስጠው» ሰለቸን

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በኮምፒውተር ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ስንገናኝ እሮሯችን አንድ ሆኗል። ድሮ የምናማርረው በመብራቱና በኔትወርኩ ነበር፤ እነሱም አልለቀቁንም። አሁን ደግሞ ሌላ ተጨመረ። ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ ሥልጠና ይመለሱና «የኤአይ ኤጀንት እናስገባ፣ ሥራውን ያቃልልልናል» ይላሉ። ይግባ፤ ሥራ የሚያቃልል ነገር ማን ይጠላል? ግን «ምን ምን ይንካ? ምኑንስ አይንካ?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ፉል አክሰስ ስጠውና ይሥራ፣ በኋላ እናስተካክለዋለን።» ያ በኋላ እስከዛሬ መጥቶ አያውቅም። ስንጨቃጨቅ «አብሽር፣ ምንም አይሆንም» ይሉናል። የወሎ ሰው አብሽር ሲሉት ልቡ ይረጋል። የእኛ ግን እምቢ አለ፤ ነገ አንድ ነገር ሲበላሽ በእኩለ ሌሊት የሚደወለው ለእኛ ነውና።

ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ኤአይ ማለት ጥያቄ ስንጽፍለት መልስ የሚጽፍልን ነገር ነበር። ቢሳሳትም የሚሳሳተው በንግግር ነው። ኤጀንት የሚባለው ግን ተግባር ላይ የተሰማራ ነው። ኢሜይል የሚከፍትበት፣ ከዳታቤዝ መረጃ የሚያወጣበት፣ ፋይል የሚሰርዝበት፣ ክፍያ የሚልክበት መሣሪያ ይሰጠዋል፤ የትኛውን መቼ እንደሚያነሳ የሚወስነውም ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባለውን፣ በአጭሩ ኤምሲፒን፣ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ካወጣ ወዲህ ኤጀንትን ከመሣሪያ ጋር ማገናኘት የደቂቃዎች ሥራ ሆኗል። ኮርስ ወስዶ የመጣ ወጣት ሻይ ሳይበርድበት ኤጀንቱን ከመሥሪያ ቤቱ ኢሜይልና ከዕቃ መዝገቡ ጋር ያገናኘዋል። ጎበዝ ነው፣ አልነቅፈውም። የሚያናድደኝ ማገናኘቱ እንዲህ ቀሎ ሳለ ወሰን ማበጀቱን የሚያስብ ሰው መጥፋቱ ነው።

የሰኞ ገበያ ነጋዴ አዲስ ልጅ ሲቀጥር እንዴት እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ ዕቃ ያወርዳል፣ ይጠርጋል። ሲቆይ ሚዛን ይይዛል። ሲታመን የዕለት መሸጫውን መሳቢያ ይከፍታል። የካዝናውን ቁልፍና የመጋዘኑን መዝገብ ግን ዓመት ሠርቶም ላያገኘው ይችላል። ነጋዴው ልጁን ስለጠላው አይደለም፤ ሥራው የሚጠይቀውን ያህል ሰጥቶታል። ይሄው ሰውዬ ነው ትናንት የመጣ ኤጀንት ላይ ሲደርስ መሳቢያውን፣ ካዝናውን፣ የልጆቹ ፎቶ ያለበትን ስልክ ሳይቀር በአንድ ጊዜ የሚያስረክበው።

በሥራው ልክ የመስጠቱ ሐሳብ አዲስ ቢሆን ባልተበሳጨሁ ነበር። ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1975 ጽፈውታል፤ ማንኛውም ፕሮግራምም ሆነ ተጠቃሚ ሥራውን ለመጨረስ የሚበቃውን ትንሹን ሥልጣን ይዞ ይሥራ። እዚያው ጽሑፍ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ መነሻው ክልከላ ይሁን፣ ፈቃድ በግልጽ ሲሰጥ ብቻ ይከፈት። ሃምሳ ዓመት አለፈው! በዩኒቨርሲቲ የተማረ ሁሉ ለፈተና ሸምድዶታል። ቢሮ ሲገባ ግን የመጀመሪያ ሥራው ለሁሉም ሰው አድሚን መስጠት ነው፤ እንደዚያ ካደረገ ማንም እየደወለ «አልከፍት አለኝ» አይለውማ።

ኮምቦልቻ ያለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ዘንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ኤጀንቱ የተተከለው ደንበኞች በቴሌግራም «12 ሚሊ ብረት አለ? ዋጋው ስንት ነው?» ሲሉ እንዲመልስ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ሠንጠረዥ ማንበብ ብቻ ነው፤ የዕቃው ስም፣ ያለው ብዛት፣ የዕለቱ ዋጋ። መጻፍ አያስፈልገውም፣ መሰረዝ አያስፈልገውም። የገጠመው ልጅ ግን ለኤጀንቱ የራሱ አካውንት አልከፈተለትም፤ የሒሳብ ሠራተኛዋን ስምና ፓስወርድ አስገባበት። ለምን? የሚሠራው እሱ ስለነበረ። በእሷ አካውንት ደግሞ ዋጋ ይቀየራል፣ ደረሰኝ ይሰረዛል፣ የሠራተኛ ደመወዝ ይታያል።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ደንበኛ «ባለፈው በተስማማነው ዋጋ አስተካክልልኝ» ብሎ ጻፈ። ሰውየው አጭበርባሪ አይደለም፤ በእርግጥም ከሻጩ ጋር በቃል ተነጋግረው ነበር። ኤጀንቱ ታዛዥ ነውና አስተካከለ። ያስተካከለው ግን ለዚያ ደንበኛ ብቻ አልነበረም፤ ለሁሉም የሚያገለግለውን ዋና ዋጋ ነው የቀየረው። በማግስቱ ጠዋት የመጣ ሁሉ በዚያ ዋጋ ገዛ። ጉድለቱ ሲጣራ መዝገቡ ላይ የተገኘው ስም የሒሳብ ሠራተኛዋ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገብታ ዋጋ ቀየረች ይላል። እሷ በዚያ ሰዓት ቤቷ ልጆቿን አስተኝታ ነበር። ስትጠየቅ ያለቀሰችው ልቅሶ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሰው በሌለበት በስሙ እንዲህ ያለ ነገር ይደረግበታል?

ኖርም ሃርዲ የተባለ ሰው ይህን መሰል ነገር እ.ኤ.አ. በ1988 ጽፎት ነበር። በጻፈው ታሪክ ውስጥ አንድ ፕሮግራም በሲስተሙ ማኅደር ውስጥ የመጻፍ ፈቃድ ነበረው፤ የደንበኞች የክፍያ መዝገብም እዚያው ማኅደር ውስጥ ይቀመጥ ነበር። አንድ ተጠቃሚ «ውጤቱን እዚህ ጻፍልኝ» ብሎ የዚያን መዝገብ ስም ሰጠው። ተጠቃሚው ራሱ መዝገቡን የመንካት ፈቃድ የለውም፤ ፕሮግራሙ ግን አለው። ታዘዘና ጻፈበት፣ መዝገቡም ጠፋ። የኮምቦልቻው ኤጀንት ያደረገውም ከዚህ አይለይም። ሥልጣኑ የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ትእዛዙ የደንበኛው።

እዚህ ላይ ብዙ አለቆች ሊገባቸው ያልቻለ ነገር አለ። ለኤጀንቱ የሚቀርብለት ጽሑፍ ሁሉ፣ ኢሜይሉም፣ የደንበኛው መልእክትም፣ የተያያዘው ፋይልም፣ እንደ ትእዛዝ ሊነበብለት ይችላል። ኤጀንቱን የሚያንቀሳቅሰው የቋንቋ ሞዴል «ይህ አለቃዬ ያዘዘኝ ነው፣ ያ ደግሞ ከውጭ የመጣ ወሬ ነው» ብሎ በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። በዚህ ክፍተት ተጠቅሞ ኤጀንትን በጽሑፍ ለሚያታልል ጥቃት ሳይመን ዊሊሰን የተባለ እንግሊዛዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2022 ስም አወጣለት፤ በ2025 ደግሞ የትኛው አደረጃጀት አደገኛ እንደሆነ ለይቶ ጻፈ። ኤጀንቱ የግል መረጃ የሚያይ ከሆነ፣ ከማይታወቅ ሰው የመጣ ጽሑፍ የሚያነብ ከሆነ፣ ወደ ውጭም መላክ የሚችል ከሆነ፣ ሦስቱ በአንድነት ሲገኙ መረጃው ሊወጣ ነው ማለት ነው። በዚያው ዓመት በጁን ወር በማይክሮሶፍት የኤአይ ረዳት በኮፓይለት ላይ ይፋ የሆነው ክፍተት በትክክል ይህ ነበር፤ ተጠቃሚው ምንም ነገር ሳይጫን፣ የተላከለት አንድ ኢሜይል ብቻ የመሥሪያ ቤቱን መረጃ ሊያስወጣ ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት ደፍኖታል። ማይክሮሶፍት ላይ የደረሰ ነገር እኛ ጋ አይደርስም ብሎ አብሽር ማለት ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

«ታዲያ አትንካ ብለህ ጻፍለታ!» ይሉኛል። ይህን ስንቴ እንደሰማሁት! መመሪያው ላይ «በፍጹም አትሰርዝ» ብሎ መጻፍ ልመና ነው እንጂ ክልከላ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ጄሰን ሌምኪን የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ሬፕሊት በተባለ የፕሮግራም መሥሪያ መድረክ ላይ ከኤጀንት ጋር ሲሠራ ምንም ለውጥ እንዳያደርግ ደጋግሞ ነግሮት ነበር። ኤጀንቱ ግን ከአንድ ሺህ በላይ የኩባንያ ኃላፊዎች መረጃ ያለበትን ዳታቤዝ አጠፋው። ይባስ ብሎ መመለስ አይቻልም አለው፤ ሰውየው ሲሞክረው ግን ተመለሰለት። የሬፕሊት ሥራ አስኪያጅ አምጃድ ማሳድ በይፋ ይቅርታ ጠየቀና የመሞከሪያውንና የዋናውን ዳታቤዝ ለያየ። ከመጀመሪያው መደረግ የነበረበትም እሱ ነው። መሰረዝ የማይገባው ነገር ላይ የመሰረዣ መሣሪያው ራሱ አይሰጠውም፤ ሌላው ሁሉ ንግግር ነው።

የቃላት ማጣሪያ አምጥተው የሚጭኑብን ደግሞ አሉ። እሱስ ጭራሽ ያንገበግበኛል። «ሒሳብ» የሚል ስም ያለው ማኅደር ለኤጀንቱ እንዳይታይ ይታገዳል። ጥሩ። ጎኑ ያለው ማኅደር ግን «ሂሳብ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሦስተኛው «ሕሳብ»። ለእኛ ለአንባቢዎች አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ሰርዝ» የሚል ትእዛዝ የሚያግድ ማጣሪያ «ሠርዝ» ብለው ሲጽፉለት ያሳልፋል። የሰው ስም ላይማ አይወራ። ደሴ ውስጥ ሰይድ መሐመድ የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ አሳዩኝ፤ አንዳንዱ ቢሮ ሦስት አለው። ፈቃዱ በስም ሲሰጥ የግዥ ክፍሉ ሰይድ የጠየቀውን የመጋዘኑ ሰይድ ያገኘዋል። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ እንደየጸሐፊው አራት ዓይነት ይሆንና አንዱም ከሌላው አይገጥምም። ፈቃድ ከመለያ ቁጥር ጋር እንጂ ከስም ጋር መታሰር እንደሌለበት የነገርናቸው ስንት ጊዜ ነው?

ሰዓቱንስ? «ክፍያ ነክ መሣሪያዎችን በሥራ ሰዓት ብቻ ይጠቀም» የሚል ጥሩ ደንብ ወጣ እንበል። ጸሐፊው ከ2፡30 እስከ 11፡30 ብሎ ያስገባል። ማሽኑ የእኛን ሰዓት አያውቅም። እንደ ፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮ ከሌሊቱ 8፡30 ይከፍትና ረፋዱ 5፡30 ላይ ይዘጋል። ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ክፍት፣ ከምሳ በፊት ወረፋው ሲረዝም ዝግ። ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት የሚሄድ ከሆነ ሌላ ሦስት ሰዓት ይዛነፋል። ቀኑም እንዲሁ ነው። ፈቃዱ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 እንዲቆይ ተብሎ 30/10/2018 ሲጻፍ፣ ማሽኑ ኦክቶበር 2018 አድርጎ ያነበውና ከተሰጠበት ደቂቃ ጀምሮ ጊዜው ያለፈበት ይሆናል። ጳጉሜን ያስገባ ደግሞ ስህተት ነው ተብሎ ይመለሳል። ከዚያ ምን ይደረጋል? ሰዎች ይሰለቻቸውና «ጊዜ ገደቡን አንሳው» ይላሉ። ገደቡ ይነሳል። ኤጀንቱ ለዘለዓለም ክፍት ሆኖ ይቀራል። በዚህ አገር የተሰጠ ፈቃድ ሁሉ መጨረሻው የማይታወቀው በክፋት አይደለም፤ በድካም ነው።

የማጽደቂያውን ነገር ደግሞ አንሱ። «ትልቅ ገንዘብ ሲሆን ሰው ያጽድቅ» የሚል ደንብ ሲወጣ ደስ ብሎን ነበር። ኤጀንቱ ግን ለትልቁም ለትንሹም መጠየቅ ጀመረ። ፋይል ልክፈት? ፍቀድ። ፋይሉን ላንብብ? ፍቀድ። መልስ ልላክ? ፍቀድ። ሰው እስከ ስንት ጊዜ ያነባል? ጥቂት ቆይቶ ጣቱ ብቻ ይሠራል። «ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለውን ሲያገኘው እፎይ ብሎ ይጫነዋል። አጽዳቂው አንድ ሰው ብቻ ከሆነም መከራ ነው። ዓርብ ለጁምዓ መስጊድ ይሄዳሉ፣ ወይም ለቅሶ ይደርሳሉ፤ ስልኩን ለጸሐፊዋ ትተው። «ሲመጣ ፍቀድ በይው» ብለው። እናቶቻችን የቴሌብር የምስጢር ቁጥራቸውን ለጎረቤት ልጅ ጮክ ብለው ይነግሩ የለ? እነሱን ማን ይወቅሳል፤ ማንም አላስተማራቸውም። ዲግሪ የያዘው ኃላፊ ያንኑ ሲያደርግ ግን ምን እንበለው?

በሌላ ጫፍ ያሉትም ያደክሙናል። አንድ ጊዜ ችግር ሲፈጠር ሁሉን ይዘጋሉ። የዕቃ ብዛት ለማንበብ እንኳ የሦስት ሰው ፊርማ። ባለጉዳይ ከሃይቅ፣ ከኩታበር፣ ከሐርቡ ተነስቶ መጥቶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። ሲስተሙ አለ፤ የሌለው ፈቃዱ ነው። ሠራተኛውም ሥራው ሲቆምበት ከጓደኛው ፓስወርድ ተቀብሎ በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይለጥፈዋል፤ እንግዲህ የተዘጋው በር ከተከፈተው የባሰ ክፍት ሆነ ማለት ነው። የሚነበበው ነገር በቀላሉ ይነበብ፣ የሚጻፈው ይገደብ፣ የማይመለሰው ነገር ላይ ብቻ ሰው ይጠየቅ። ይህን ለይቶ መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ያችን ግማሽ ቀን የሚሰጠን አጣን።

ፈቃድ የመስጠቱን ያህል የመንጠቁን ነገር የሚያስብ ደግሞ ፈጽሞ የለም። በጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሕዝቡ ነፍሱን ይዞ ወጣ። ቢሮዎች ተዘረፉ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም፣ የደሴ ሆስፒታልም ተዘርፈዋል። ሰው በሞተበት ስለ ኮምፒውተር ማውራት ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ስንመለስ ግን እኔ የማግዘው አንድ ቢሮ ውስጥ ከተወሰዱት ላፕቶፖች ላይ የማን ኢሜይል ክፍት እንደነበረ፣ የትኛው ፓስወርድ እንደተቀመጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማን ምን መግቢያ እንዳለው የተጻፈ አንድ ወረቀት አልተገኘም። በግምት እያስታወስን አንድ በአንድ ዘጋን። ያኔ የነበረው የሰው አካውንት ብቻ ነው። ዛሬ በዚያ ላይ የኤጀንት ቁልፍ ተጨምሯል፤ ቁልፉ በአንዱ ፋይል ውስጥ ተጽፎ፣ ፋይሉ በአምስት ሰው ፍላሽ ተገልብጦ። ኤጀንቱን የገጠመው ልጅ ሥራ ለቆ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ቁልፉ ግን አሁንም ይሠራል። ያ ሁሉ ከደረሰብን በኋላ እኛ እንኳ ካልተማርን ማን ይማር?

አንድ ፍተሻ ሲጎድል ምን እንደሚሆን በአገራችን አይተነዋል። በመጋቢት 2016 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በአንድ ሌሊት የሆነውን ማን ይረሳል? የሰርጎ ገብ ጥቃት አልነበረም። ሲስተሙ ላይ በተደረገ ሥራ ምክንያት ሰው በሒሳቡ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ፤ ባንኩ በኋላ እንደገለጸው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው የወጣው። ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ገንዘቡን ለማስመለስ ስንት ጊዜና ስንት ሐፍረት እንደፈጀ፣ ፎቷቸው የተለጠፈባቸውን ልጆች ወላጆች ጠይቁ። ያን ያደረገው ሰው ነው፤ በእጁ፣ ተራ ጠብቆ። ኤጀንት ተራ አይጠብቅም። በአንድ ሌሊት ሰው በወር የማይጨርሰውን ትእዛዝ ሊልክ ይችላል። በቀን ስንት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ እስከ ስንት ብር የሚል ጣሪያ ለኤጀንት መሣሪያ ይበጅ ስንል «ሥራ ታጓትታላችሁ» የሚሉን ሰዎች ያቺን ሌሊት ረስተዋታል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ መግባትንም ይከለክላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ግን ፈቃዱ ምን ያህል እንደሆነ ያልተጻፈ ከሆነ ማለፉ በምን ይለካል? ካናዳ ውስጥ ኤር ካናዳ የድረ ገጹ ቻትቦት ለደንበኛ የተሳሳተ ነገር በነገረ ጊዜ «ቻትቦቱ ለራሱ ተጠያቂ ነው» ብሎ ሊከራከር ሞክሮ ነበር። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ክርክር መፍቻ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2024 አልተቀበለውም፤ ክፈል አለው። እኛ ጋ ግን ኤጀንቱም አይጠየቅም፣ ያስገቡትም አይጠየቁም። የምትጠየቀው ስሟ መዝገቡ ላይ የወጣው ሴትዮ ናት።

ለኮምቦልቻው አስመጪ ደንቡን ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ አንድ ገጽ አይሞላም። ኤጀንቱ በራሱ ስም ይግባ። የዕቃ ሠንጠረዡን ያንብብ፣ ሌላ አይንካ። ዋጋ ለመቀየር ጥያቄ ያቅርብ፣ ሻጩና የሒሳብ ሠራተኛዋ ሁለቱም ያጽድቁ። የሠራው ሁሉ እሱ ራሱ ሊያጠፋው በማይችልበት ቦታ ይመዝገብ። ቁልፉ በየሦስት ወሩ ይቀየር፣ የሚቀይረውም ሰው ተለይቶ ይታወቅ። ወረቀቱ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ነው። በየሳምንቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ እጠይቃለሁ፤ «አይተነዋል፣ እንፈርማለን» ይሉኛል። ኤጀንቱ ዛሬም በእሷ ስም እየገባ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት በስሟ የሆነውን ሁሉ በስልኳ እየከፈተች ታያለች፤ ለዚህ የሚከፍላት የለም።